ዕቃው የእኔ፣ ቁልፉ የእነርሱ

ዛሬ ከምርጫውም ከፓርቲውም፣ ከስብሰባውም ከመግለጫውም ጥቂት ፈቀቅ ልል ነው። ላነሣው ያሰብኩት ጉዳይ ሲያዩት የቴክኒክ ሰዎች ብቻ የሚጨቃጨቁበት ይመስላል፤ በሊኑክስ ላይ የግራፊክስ ድራይቨር አንዳንዴ ለምን እንደሚፈጥን፣ አንዳንዴ ደግሞ ለምን እንደሚያዘግም ነው። «ይህ ሰው ደግሞ ዛሬ ምን ነካው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ሊኑክስን በዕለት ተዕለት ሥራዬ ስጠቀም የኖርኩ፣ ይህንንም ክርክር ለዓመታት በቅርብ የተከታተልኩ ሰው ነኝ። ዕውቀትን ደብቆ መያዝ እንዴት አድርጎ ጌታ እንደሚያደርግ፣ «ክፍት ነው» የተባለ ሁሉ በእርግጥ ክፍት እንዳልሆነ፣ ነፃነትም በአዋጅ ብቻ ሳይሆን በላብ እንደሚገኝ ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ ብዙ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አፈ ንጉሡ

ከመሠረቱ እንጀምር። በኮምፒውተራችሁ ውስጥ፣ በስክሪኑ ላይ የምታዩትን ሁሉ የሚስል አንድ ቺፕ አለ፤ ግራፊክስ ካርድ ወይም ጂፒዩ እንለዋለን። ይህ ቺፕ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ግን ቋንቋውን አይችልም። በመካከላቸው ቆሞ የሚያስተረጉመው ፕሮግራም ነው ድራይቨር የሚባለው። በጥንቱ ቤተ መንግሥታችን የንጉሡን ቃል ለሕዝብ የሚያሰማ አፈ ንጉሥ ነበር። ንጉሡ የቱን ያህል አስተዋይ ቢሆን አፈ ንጉሡ ከተንተባተበ ባለጉዳዩ የሚሰማው መንተባተቡን ብቻ ነው። ድራይቨርም እንዲሁ ነው፤ ቺፑ ብርቱ ሆኖ ሳለ አስተርጓሚው ደካማ ከሆነ፣ ተጠቃሚው የሚያየው ደካማ ማሽን ነው።

አስተርጓሚው የሚፈጥነው ወይም የሚያዘግመው በምን ምክንያት ነው? ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የቺፑን ፍጥነትና ኃይል ማስተዳደር ነው። ዘመናዊ ቺፕ ሲበራ በዝቅተኛ ፍጥነት ይነሣል፤ ሥራ ሲበዛበት ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ከፍ፣ ሥራ ሲቀንስ ዝቅ የሚያደርግለት ይፈልጋል። የዚህን መንገድ ያላወቀ ድራይቨር ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ በአንደኛ ማርሽ እንደሚነዳ ሹፌር ነው። ሁለተኛው ትርጉሙ ራሱ ነው። ጨዋታዎችና የሥዕል ፕሮግራሞች «ሼደር» የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮግራሞችን ለድራይቨሩ ይልካሉ፤ በድራይቨሩ ውስጥ ያለው ኮምፓይለር ደግሞ እነዚህን ወደ ቺፑ ቋንቋ ይመልሳል። አንድን ሐሳብ በአሥር ቃልም በሠላሳ ቃልም መግለጥ እንደሚቻል ሁሉ፣ ጥሩ ኮምፓይለር ሥራውን በጥቂት ትእዛዝ ያስፈጽማል፤ መጥፎው ያንዛዛል። ያው ቺፕና ያው ጨዋታ በተለያየ ድራይቨር የተለያየ ፍጥነት የሚያሳዩት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የቺፑን ቋንቋ ማን ያውቃል? ቋንቋውን የፈጠረው አምራቹ ነው። መዝገበ ቃላቱንና ሰዋስውን ለሕዝብ ካወጣው፣ የቻለ ሁሉ ድራይቨር ይጽፋል። ከደበቀው ግን የገዛችሁት ዕቃ ፍጥነቱም ዕድሜውም በእርሱ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። እኛ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ነገር በሌላ መልኩ ቀምሰነዋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን እስኪያገኝ፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር ፊደላችንን በራሱ ቁጥር ያስቀምጠው ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። የገዛ ደብዳቤያችንን ለማንበብ የሻጩን ፎንት መያዝ ግድ ነበር። ያን ሸክም ያቃለለልን ለሁሉም የተገለጠ የጋራ መለኪያ እንጂ የአንድ ሻጭ ደግነት አይደለም።

ላም አለኝ በሰማይ

ሊኑክስ በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ ተማሪ የጀመረው ከርነል ነው። ሶርስ ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ያሻሻለውን ያከፋፍላል። ነገር ግን ከርነሉ ክፍት ስለሆነ ብቻ ቺፑ አይከፈትም። ከአምራቾቹ አንዱ የሆነው ኤንቪዲያ ለሊኑክስ ድራይቨር ከልክሏል ማለት ሐሰት ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ሲሰጥ ኖሯል። ድራይቨሩም ፈጣን ነበር፤ ከዊንዶውሱ ድራይቨር ጋር አብዛኛውን ኮድ ይጋራ ስለ ነበር ፍጥነቱም ለዊንዶውሱ ቅርብ ነበር። በ2000ዎቹ በሊኑክስ ላይ ፍጥነት ቀዳሚ ጉዳዩ የሆነ ሰው ይህን ዝግ ድራይቨር መምረጡ ምክንያታዊ ነበር። እውነቱን መሸሽ አያስፈልግም፤ በዚያ ዘመን ዝጉ ከክፍቱ ይፈጥን ነበር።

ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ይከፈል ነበር። ከርነሉ በየጥቂት ወሩ ይታደሳል፤ የውስጥ መገናኛዎቹም እንደ አስፈላጊነቱ ይለወጣሉ። ገንቢዎቹ ይህን የሚያደርጉት ሆን ብለው ነው፤ በከርነሉ ውስጥ ያለን ክፍት ድራይቨር ሁሉ መገናኛውን ሲለውጡ አብረው ስለሚያስተካክሉት ችግር የለባቸውም። ከውጭ የሚመጣውን ዝግ ድራይቨር ግን ሊያስተካክሉት አይችሉም። እኔም ከዓመታት በፊት አንድ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ የአምራቾቹን ስም ማንሣት አያስፈልግም። ሲስተሙን ባሳደስኩ ቁጥር የሚቀበለኝ ጥቁር ስክሪን ነበር። አምራቹ አዲስ ድራይቨር እስኪያወጣ ድረስ ለሳምንታት በአሮጌው ከርነል እቆያለሁ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የወጡት የደኅንነት ጥገናዎች አያገኙኝም። በገዛ ገንዘቤ በገዛሁት ማሽን ላይ «ወይ ፍጥነት ወይ ደኅንነት፣ አንዱን ምረጥ» መባሌ ነበር። ምርጫውን ያቀረበልኝን ሰው አላውቀውም፤ አቤት የምልበትም ቦታ አልነበረም።

ይህን ያልተቀበሉ ሰዎች «ኑቮ» የተባለውን ድራይቨር መጻፍ ጀመሩ፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ነው። መዝገበ ቃላት የሌለውን ቋንቋ እንዴት ይማሩታል? ዝጉ ድራይቨር ከካርዱ ጋር ሲነጋገር አጠገቡ ቆመው በማዳመጥ ነበር። ይህን ሥዕል ስናስል የትኛው ቁጥር የት ተጻፈ፣ ያን ስናደርግ የትኛው ተለወጠ እያሉ፣ ቃል በቃል እየለቀሙ ሰዋስው ሠሩ። ሥራቸው በ2010 በ2.6.33ኛው ከርነል ውስጥ ገባ። ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኤንቪዲያ ሲጠየቅ በካሜራ ፊት የመሐል ጣቱን ያሳየው፣ ከገጠሙት ኩባንያዎች ሁሉ የከፋው ነው ያለውም በዚህ ዘመን ነው። ጨዋነት የጎደለው ድርጊት ነበር፤ የቁጣው ምንጭ ግን እውነተኛ ነበር።

ከዚያ የባሰው መጣ። በ2014 ከወጡት የጂፎርስ 900 ካርዶች ጀምሮ ኤንቪዲያ ቺፑ በኩባንያው ያልተፈረመ ፈርምዌርን እንዳይቀበል አደረገ። ፈርምዌር ማለት በቺፑ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ፍጥነትና ኃይል የሚስተዳደሩት በእርሱ በኩል ነው። ኩባንያው ካርዶቹን ለማስነሣት የሚበቃ የተፈረመ ፈርምዌር በኋላ ቢሰጥም ፍጥነቱን የሚከፍተውን አልሰጠም። የኑቮ ሰዎች ቋንቋውን ቢያውቁም አፋቸው ተለጎመ። ካርዱ ሲበራ በሚነሣበት ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ይቀራል፤ በእጃችሁ ያለ፣ ዋጋው የተከፈለበት አቅም አይታዘዛችሁም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሰነድና ላብ

ሌላኛውን መንገድ ደግሞ እንመልከት። ኤኤምዲ የግራፊክስ አምራቹን ኤቲአይን በ2006 ገዛ፤ በ2007 መስከረም ላይ ደግሞ የቺፖቹን ሰነድ ለክፍት ድራይቨር ገንቢዎች እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ ማውጣትም ጀመረ። ደስታው ታላቅ ነበር። ነገር ግን በማግሥቱ ተአምር አልታየም። ክፍቱ ድራይቨር ለዓመታት ከኩባንያው ዝግ ድራይቨር ኋላ ቀርቶ ቆየ፤ ዝጉ ደግሞ በስህተቱ ብዛት መተረቻ ነበር። ተጠቃሚው ከፈጣንና ከሚያስቸግር፣ ከአዝጋሚና ከሚታመን መካከል ይመርጥ ነበር። ብዙዎች «ይኸው ክፍት ሆነ፣ ምን ተገኘ?» ያሉት ያኔ ነው።

መልሱ ስምንት ዓመት ያህል ፈጀ። በ2015 በ4.2ኛው ከርነል ውስጥ አዲሱ «ኤኤምዲጂፒዩ» ድራይቨር ገባ፤ የቀድሞው ዝግ ድራይቨርም ቀስ በቀስ ቀረ። በ2016 ቩልካን የተባለው አዲስ የግራፊክስ መገናኛ ሲወጣ ኤኤምዲ ክፍት ድራይቨር እንደሚያወጣለት ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉ ሲዘገይ ግን ዴቭ ኤርሊና ባስ ኒውወንሃውዘን የተባሉ ሁለት ገንቢዎች ከኩባንያው ውጪ ሆነው የራሳቸውን ጀመሩ። «ራድቪ» የተባለው ይህ ነው። ኤኤምዲ የራሱን ክፍት የቩልካን ድራይቨር በ2017 መጨረሻ ላይ ሲያወጣ የሁለቱ ሰዎች ሥራ በማኅበረሰቡ ውስጥ ሥር ሰድዶ አገኘው። በ2019 የጨዋታ ኩባንያው ቫልቭ የቀጠራቸው ሰዎች ለራድቪ አዲስ የሼደር ኮምፓይለር አስተዋወቁ፤ ትርጉሙን ራሱ ከማፋጠኑም በላይ የተተረጎመው ኮድ በቺፑ ላይ የተሻለ ይሮጥ ነበር። በ2025 ኤኤምዲ የራሱን የቩልካን ድራይቨር አቁሞ ድጋፉን ለራድቪ ሰጠ። የቺፑ ፈጣሪ፣ ቺፑን ከእርሱ ውጪ ባሉ ሰዎች ለተጻፈ አስተርጓሚ ቦታውን ለቀቀ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ እንደ ጻድቃን ገድል እንዳታነቡብኝ። ቫልቭ የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም። ኃላፊው ጌብ ኒውዌል በ2012 ዊንዶውስ 8ን ለመላው የኮምፒውተር ገበያ ጥፋት ነው ብሎ ነበር፤ ኩባንያው ጨዋታ የሚሸጥበት መድረክ በሌላ ኩባንያ እጅ መሆኑ አስግቶታል። በሊኑክስ ላይ ገንዘብ ያፈሰሰው ለራሱ ነፃነት ነው፤ በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ የተባለው የእጅ መጫወቻም በሊኑክስና በእነዚሁ ክፍት ድራይቨሮች የሚሠራ ነው። የሰነዱ መገለጥ የፈጠረው ልዩነት ይህ ነው፤ አንድ ኩባንያ ለራሱ ጥቅም የሠራውን ሥራ ሌላው ሁሉ በነፃ ይወርሰዋል። ጥቅመኛው ሳያስበው የጋራ ቤት ይሠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ቃል ስለ ቅዱሳን ድር የተነገረ አይደለም፤ ስለ አብሮ መሆን እንጂ።

እምቢ ማለት የሚችል ተቋም

ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን አንድ የእምቢታ ታሪክ ነው። በ2016 ኤኤምዲ ስክሪንን የሚያስተዳድር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መስመር ኮድ ለከርነሉ አቀረበ። ኮዱ ክፍት ነበር፤ ሠርቷል፤ አዳዲስ ካርዶችም ያስፈልጋቸው ነበር። የከርነሉን የግራፊክስ ክፍል በኃላፊነት የሚጠብቀው ከላይ ያነሣሁት ኤርሊ ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አልቀበልም አለ። ምክንያቱም ኮዱ ከሌሎች ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ጋር እንዲጋራ ተብሎ በራሱ የመሸጋገሪያ ንብርብር ተጀቡኖ የመጣ ስለ ነበር ነው። የከርነሉ ሰዎች ኮዱን ማንበብ ይችላሉ፤ ቤታቸው ውስጥ እንደ ራሳቸው ነገር ሊጠግኑትና ሊለውጡት ግን ይከብዳቸዋል። በሌላ አነጋገር፣ ፊደሉ ክፍት ሆኖ ሥልጣኑ ዝግ ነበር።

ልብ በሉ፤ እምቢ የተባለው በጊዜው ለክፍትነት ከሚተባበሩት ኩባንያዎች አንዱ ነው። «ወዳጃችን ነው፣ ይለፍ» አልተባለም። ኩባንያውም ኮዱን አንድ ዓመት ያህል እየከለሰ አስተካከለ፤ በ2018 መጀመሪያ በወጣው 4.15ኛው ከርነል ውስጥም ገባ። ተጠቃሚዎች በእነዚያ ወራት ተጎድተዋል፤ አዳዲስ ካርዶቻቸው በተለመደው ከርነል ስክሪን በትክክል አያሳዩም ነበር። ነገር ግን ዛሬ ያ ኮድ ማንም የቻለ ሰው የሚጠግነው የጋራ ንብረት ሆኗል። ተቋም ማለት ለጠላት ብቻ ሳይሆን ለወዳጅም እምቢ ማለት የሚችል ነው። ይህን አባባል ለግራፊክስ ካርድ ብቻ አልጽፈውም።

የአሮጌ ካርዶች ፍርድ

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንገዛው ኮምፒውተር «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚባለው፣ በሌላ አገር ሰው ተጠቅሞበት ዱባይን ዞሮ የሚመጣው ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ ሲባል የተጣለው ዕቃ ለእኛ የሥራ መጀመሪያ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከ2024 ወዲህ ደግሞ አዲስ ዕቃ መግዛት ለብዙ ሰው የማይታሰብ ሆኗል። ስለዚህ «ድራይቨሩ እስከ መቼ ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ የሰነፍ ጨዋታ ጥያቄ አይደለም፤ የኪስ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ጊዜ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ አንዲት እናት የልጃቸውን ኮምፒውተር ይዘው መጡ። ልጁ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነው፤ የሥዕል ፕሮግራሙ አልከፍት ብሎታል። ባለሙያው ወጣት ከፍቶ አየውና «እማማ፣ ይቺ ካርድ ሞታለች፤ ከእንግዲህ ድራይቨር አይወጣላትም፤ አዲስ ቢገዙለት ይሻልዎታል» አላቸው። እናትየው ካርዷን በእጃቸው ገልበጥ አድርገው «ይህ ሁሉ ብረት እኮ አልተቃጠለም፤ አልተሰበረም፤ በምን ሞተች ትለኛለህ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁት። ወጣቱ መልስ አጣ። የተሻለ ጥያቄ የጠየቀ መሐንዲስ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ካርዷ አልሞተችም፤ የሞተው አፈ ንጉሥዋ ነው።

ሁለት የታወቁ ጉዳዮችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላሳያችሁ። አንደኛው በ2012 ገደማ የወጡት የኤኤምዲ ራዲዮን ኤችዲ 7000 ካርዶች ናቸው። ኤኤምዲ በ2021 ለእነዚህ ካርዶች መደበኛ የዊንዶውስ ድራይቨር ማውጣቱን አቆመ። ይህ የተለመደ የገበያ ሕግ ነው። በሊኑክስ ላይ ግን ከዚያ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ ለቫልቭ የሚሠራ አንድ ገንቢ ተነሥቶ በአዲሱ ድራይቨር ውስጥ ለእነዚህ አሮጌ ካርዶች የጎደለውን አንድ በአንድ ሞላ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይም ለ6.19ኛው ከርነል፣ ካርዶቹ ያለ ተጠቃሚው ድካም በአዲሱ ድራይቨር እንዲነሡ ተወሰነ። ፈጣሪው ከቀበራቸው በኋላ ካርዶቹ ከቀድሞው ይልቅ ፈጠኑ፤ ቩልካንንም ያለ ተጨማሪ ጣጣ አገኙ። ይህን ማድረግ የተቻለው ሰነዱ ከዓመታት በፊት ስለ ወጣ፣ ኮዱም በእጅ ስላለ ነው።

ሁለተኛው የኤንቪዲያ ጂፎርስ 1060ና መሰሎቹ ናቸው፤ በ2016 የወጡ፣ በዓለም ላይ ለዓመታት ከሁሉ ይበልጥ በተጫዋቾች እጅ ከነበሩት ካርዶች መካከል የሚቆጠሩ። ኤንቪዲያ በ2025 መጨረሻ 590ኛውን የድራይቨር ተርታ ሲያወጣ እነዚህን ካርዶች ከዝርዝሩ አወጣቸው። የመጨረሻ ማረፊያቸው 580ኛው ነው፤ ለተወሰኑ ዓመታት የደኅንነት ጥገና ይደረግለታል፤ ከዚያ በኋላ ያበቃል። ታዲያ ክፍቱ ኑቮ ለምን አይቀበላቸውም? ይቀበላቸዋል፤ ግን ከላይ እንዳልኩት ፍጥነታቸውን የሚከፍተው የተፈረመ ፈርምዌር ስላልተሰጠ በአንደኛ ማርሽ እያዘገሙ ነው። በአራት ዓመት ታላቅ የሆነው ካርድ ይሮጣል፤ ታናሹ በሁለቱም በር ተዘግቶበት ይቆማል። ልዩነቱ በሲሊኮኑ ጥራት አይደለም። ልዩነቱ አንዱ ኩባንያ በ2007 ባደረገውና ሌላው በ2014 ባደረገው ውሳኔ ነው። ለእናትየው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው።

ግማሽ የተከፈተ በር

ፍትሐዊ ለመሆን የሌላውን ወገን ቃልም ልስማ። ዝግ ድራይቨር የሚጽፉ ኩባንያዎች በኮዱ ውስጥ ከሌሎች ሰዎች በፈቃድ ያገኘነው ሥራ አለ፣ ተወዳዳሪ ሚስጥራችንን ይወስዳል ይላሉ። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነ አለ። በክፍቱ ወገንም ኃጢአት አልጠፋም። ኢንቴል ለዓመታት ክፍት ድራይቨር ሲያስጽፍ የኖረ ኩባንያ ነው፤ ነገር ግን በ2009 የወጣው ኡቡንቱ 9.04 ላይ የኢንቴል ግራፊክስ ፍጥነት ክፉኛ ወድቆ ብዙዎችን አስመርሯል፤ የድራይቨሩ ውስጣዊ አሠራር በጉዞ ላይ እያለ በመለወጡ ነበር። ክፍት መሆን ከስህተት አያድንም፤ ስህተቱን ለማየትና ለማረም ያስችላል እንጂ። ደግሞም አንዳንዱ ቁልፍ በአምራቹም እጅ የለም። በ2024 ኤኤምዲ ለኤችዲኤምአይ 2.1 ያዘጋጀውን ክፍት ኮድ የመለኪያው ባለቤት የሆነው የኤችዲኤምአይ ፎረም ውድቅ አደረገው። ኮዱ ተጽፎ ነበር፤ የተከለከለው እንዲታይ ነው።

ኤንቪዲያስ? በ2022 ግንቦት ላይ ከርነሉ ውስጥ የሚገባውን የድራይቨሩን ክፍል በክፍት ፈቃድ አወጣ፤ በ2024ም ወደዚሁ ክፍት ክፍል ሙሉ በሙሉ እንደሚሸጋገር አስታወቀ። ብዙዎች አጨበጨቡ፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ግን ምን ተከፈተ? በአዳዲሶቹ ካርዶች ላይ ብዙው ሚስጥራዊ ሥራ በካርዱ ውስጥ ወዳለ አንድ ረዳት ፕሮሰሰር፣ ወደ ተፈረመና ወደ ዝግ ፈርምዌር ተዛውሯል። ሼደር የሚተረጉመው ክፍልም እንደ ዝግ ነው። በሩ ተከፍቶ ዕቃው ወደ ጓዳ ገብቷል ማለት ነው።

ታሪክ ግን ቀልድ ያውቃል። ያው ዝግ ፈርምዌር ፍጥነትን የማስተዳደሩን ሥራ በራሱ ስለሚሠራ፣ ከ2018 ወዲህ በወጡት ካርዶች ላይ ኑቮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ተፈታ፤ በ2024 መጀመሪያ የወጣው ከርነልም ይህን ድጋፍ ይዞ መጣ። በእርሱ ላይ በ2022 የተዋወቀው «ኤንቪኬ» የተባለው ክፍት የቩልካን ድራይቨር ተሠራ። ዛሬ በአዳዲስ የኤንቪዲያ ካርዶች ላይ ክፍት አማራጭ አለ፤ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከዚህ ፈጽሞ ያለ ሰነድ የተሠራም አለ፤ የአሳሂ ሊኑክስ ሰዎች የአፕል ኤም1 ቺፕን ቋንቋ ከባዶ ተምረው በ2024 የኦፕንጂኤል 4.6 መለኪያን በይፋ አሟልተዋል። ሰው ከቆረጠ የተዘጋ በር ይከፍታል። ግን አንድ ኩባንያ በጥቂት ወራት ሊሰጥ በሚችለው ሰነድ ምትክ ብሩህ አእምሮዎች ዓመታት ማቃጠላቸው የሚያኮራ ብቻ ሳይሆን የሚያሳዝንም ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ከዚህ ሁሉ የቀሰምኩት ሦስት ነገር ነው። ክፍትነት ያለ ሰነድ ባዶ ቃል ነው። ሰነድም ያለ ሠራተኛ የመጻሕፍት ቤት አቧራ ነው። ሠራተኛም እምቢ የሚል ተቋም ከሌለው የጉልበተኛ ሎሌ ይሆናል። ሦስቱ ሲገናኙ ፍሬው ወዲያው አይታይም፤ በ2007 የተዘራው በ2016 በቀለ፤ በ2025 ደግሞ ፈጣሪዎቹ የረሱት ካርድ ላይ አፈራ። ትዕግሥት ለሌለው ሰው ዝጉ መንገድ ሁልጊዜ ያዋጣል ይመስለዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እውነትም ያዋጣል። ሂሳቡ የሚመጣው በኋላ ነው፤ የሚከፍለውም አዲሱን የገዛው ሰው ሳይሆን አሮጌውን የሚጠቀመው ነው።

እኛ ደግሞ በአብዛኛው አሮጌውን የምንጠቀም ሕዝብ ነን። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ መሥሪያ ቤቶቻችን፣ እኛም ብንሆን በግላችን ኮምፒውተር ስንገዛ የማህደረ ትውስታውንና የዲስኩን መጠን ብቻ ጠይቀን ባንመለስ መልካም ነው። ለዚህ ግራፊክስ በከርነሉ ውስጥ የገባ ክፍት ድራይቨር አለውን? ፍጥነቱን ራሱ ማስተዳደር ይችላልን? አምራቹ ነገ ፊቱን ቢያዞር የሚረከበው ሌላ ሰው አለን? ጥያቄዎቹ ከባድ አይደሉም፤ መልሳቸውም በግማሽ ሰዓት ፍለጋ ይገኛል። በጨረታ ሰነድ ውስጥ ቢገቡ አንዲት መስመር አይሞሉም።

ዕቃ ገዝቶ ቁልፉን ለሻጩ መተው በመኪናም፣ በቤትም፣ በአገርም ቢሆን ያው ነው። ቁልፉን የያዘው ሰው ዛሬ ደግ ሊሆን ይችላል። እናትየው ግን የጠየቁት ስለ ደግነት አልነበረም።

ቸር ይግጠመን።